ነፋሱ እንዲያልፍ

ሰመራ ላይ ከክፍል ወጥቼ የጠመኔውን አቧራ ከእጄ ሳላራግፍ ያዙኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ለምን እንደምፈለግ ስጠይቅ ከያዙኝ ሰዎች አንደኛው፣ «እዚያ ስትደርስ ይነገርሃል» አለኝ። ስደርስ የነገረኝ የለም።

ከጅቡቲ በሚመጡት ከባድ መኪኖች መሀል ቀኑን ሙሉ ተጉዘን አመሻሽ ላይ አዋሽ አርባ አካባቢ ደረስን። ያስገቡኝ ቀድሞ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። አንድ የብረት በር አለው። ከበሩ ትይዩ፣ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ፣ ሽቦ የተወጠረበት አንድ መስኮት አለ። በሁለቱ መሀል ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ቀድሞ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው፤ ቆርቆሮው የዋለበትን ፀሐይ ከመሸም በኋላ ይተፋዋል።

«ና ወንድሜ፣ እዚህ ጋ አረፍ በል» ብሎ ቦታ የለቀቀልኝ አንድ የወሎ ሰው ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በጅቡቲው መንገድ፣ ዲቾቶ ላይ ምሳውን እየበላ ነው የያዙት። አስም አለበት፤ መድኃኒቱ መኪናው ውስጥ ቀርቷል።

አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ፣ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ መምህር? አስተምረና» አለኝ።

ደብተር የለ፣ ጠመኔ የለ። በሩ ላይ በቀለም ከተጻፈው ቃል ጀመርኩ፤ ብሎክ። መዝጋት፣ መጋረድ፣ እንቅፋት መሆን ማለት ነው አልኳቸው። ሁሉም ያውቁት ነበር።

«እንግዲያው ከየኑሯችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት።»

አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀደመ። «ፍቅረኛዬ ብሎክ አድርጋኛለች። መታሰሬንም አልሰማች ይሆናል።» ከገባሁ ወዲህ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። የወሎው ሰው ደግሞ፣ «ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱ ብሎክ ሆነ» አለ። እኔም በእንግሊዝኛ እያዞርኩ አስደግማቸው ጀመር፤ መንገዱን አትዝጋ፣ በሩን አትዝጋ፣ ነፋሱን አትጋርድ።

ጥጉ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የሚተኙ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ከማናችንም ጋር አይነጋገሩም። አማርኛ የማያውቁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የወሎው ሰው አስሙ ተነሳበት። ደረቱ ያፏጫል፤ ከንፈሩ ጠቆረ። አንዳንዱ በሩን ይደበድባል። ሌላው አየር ፍለጋ መስኮቱ ላይ ተረባረበና ጭራሽ ዘጋው። እኔ እጁን ይዤ ከመቀመጥ በቀር የማደርገው ጠፋኝ።

ሽማግሌው ተነሱ። ቁመታቸውን ያኔ ነው ያየሁት።

«ተቀመጡ» አሉ፣ በአማርኛ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ነፋሱን ብሎክ አድርጋችሁታል።»

ለካ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሲያዳምጡን ኖረዋል።

ሰዉ ከመስኮቱ እየለቀቀ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ለመጠጥ ያስቀመጧትን ውሃ ኩታቸው ላይ አፍስሰው የሰውየውን ደረት ያብሱ ጀመር። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ወጣቱ ጠባቂ መሣሪያውን እንደያዘ ደፉ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ልጄ» አሉት፤ ቀጥለውም እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እያስቀመጡ፣ «ዶንት ብሎክ ዘ ዊንድ።»

ጠባቂው የታመመውን ሰው አየ።

«ሐኪም ዛሬ የለም» አለ። «በሩን ክፍት ልተወው እችላለሁ። አንድ ሰው ከወጣ ግን እኔ አለቀልኝ።»

«አይወጣም» አሉ ሽማግሌው።

ጠባቂው ከደጃፉ ወርዶ ፀሐዩ ላይ ቆመ። ያለችው ጥላ እዚያው ደጃፉ ላይ ነበረች፤ እሷ ላይ ቢቆም ነፋሱን ይጋርዳል። የገባው ነፋስ ትኩስ ነው፣ አቧራ አለበት፤ ግን ነፋስ ነው። ሽማግሌው የወሎውን ሰው ከኋላው ደግፈው መሀል ላይ አስቀመጡት። በበሩ በኩል ግቢው፣ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወዲያ ቁጥቋጦው፣ ርቆም የሚያልፉት መኪኖች ይታዩ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ወደ ውጭ እያየ ተቀምጧል። ከደፉ አጠገብ የነበረው የባጃጅ ሹፌር እግሩን ሰብስቦ ጉልበቱን አቀፈ። የሚሰማው የአንድ ሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። በቅዳሴ እንኳ እንደዚያ ያለ ዝምታ ገጥሞኝ አያውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፉጨቱ ረገበ። «አልሐምዱሊላህ» አለ የወሎው ሰው። ግድግዳውን ይዞ ተነሳና ወደ በሩ ሄደ። የጠባቂው እጅ ወደ መሣሪያው ተንቀሳቀሰች፣ ከዚያ ቆመች።

«አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ» አለው። «በእኛ የተነሳ ክፉ አይንካህ።» በሩን ከውስጥ በገዛ እጁ ስቦ ዘጋው። ጠባቂው መቀርቀሪያውን ሳይወረውር ብዙ ቆየ።

ዛሬ ተመልሼ ሰመራ አስተምራለሁ። የወሎው ሰው አሁንም ይነዳል፤ ከመንገድ ይደውልልኛል። ሽማግሌው ከእኛ ቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ፤ ብጠይቅም የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም።

በቅርቡ ይህንን ለባለቤቴ ወንድም አጫወትኩት። ስጨርስ፣ «በሩ ያን ያህል ሰዓት ተከፍቶ ለምን አልወጣችሁም?» አለኝ።



«በዚያ በር ሰው ይተነፍስ ነበር» አልኩት።