የፈትለወርቅ የቁም ተዝካር

ጎረቤቴ ፈትለወርቅ ንፋስ መውጫ ላይ ጠላ ትሸጥ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንኳ ስብሰባ የሚጠራው የሷ ጠላ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ምላሷን ግን እሱም ይፈራው ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሙላት ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ ጎንደር ሄደው ያስቆርጡት ቢላት «ከነአካሌ ልቀበር» ብላ እምቢ አለች። ልጅ የላትም፤ ስትሞት ተዝካሯን የሚያወጣላት የለም። ስለዚህ የቁም ተዝካሯን ልታወጣ ጌሾ አስወቀጠች። እኔም እያለቀስኩ ብቅሉን አሰጣሁላት። ምን ላድርግ፣ እሷ ካለች አለች ነው።

ሙላት ግን አልተዋትም። የነፍስ አባቷ ቄስ ወልደ ሩፋኤል የተዝካሩን ቀን ሊቆርጡ በመጡ ዕለት እሱም ከተፍ አለና ጎንደር ሲሠለጥን የሰማውን ጀመረ።

«ባሕር ማዶ አንዲት ሴት በካንሰር ሞተች፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ከእብጠቷ የወሰዱት ቅንጣት ግን እስከ ዛሬ ብርጭቆ ውስጥ እየተቀለበ ይራባል። እንዲህ ባለው ነው ሐኪሞቹ ካንሰር ከበቀለበት ተላቆ ወደ ሌላው አካል እንዴት እንደሚሄድ የሚያጠኑት። የርስዎም ቁጭ ብሎ አይጠብቅዎትም እትዬ፣ መንገድ ይጀምራል።»

ቄሱ አሰብ አደረጉና «ተዝካሯ ወጥቶላታል?» አሉ።

«እሱን አልነገሩንም አባ።»

«ታዲያ ጨርሳ ሳትሞት ነው ፍትሐት ያደረሱላት?»

ክርክሩ ሊጦፍ ሲል ፈትለወርቅ ብድግ አለች።

«ቆይ እስቲ። እሷን አፈር አስገብቶ እሱ ሠላሳ ዓመት ይቀለባል?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔስ ይኸንን ነው ከነአካሌ እያልኩ ስንከባከብ የከረምኩት? የኔን ተዝካር አይበላትም። ሙሉነሽ፣ ጋቢዬን አምጪልኝ» አለችኝ።

በማግስቱ የጭነት መኪና ላይ ተሰቅለን ጎንደር ሄድን። ሐኪሙ ቆርጦ ካወጣ በኋላ ብብቷን ሁሉ መርምሮ፣ እስካየው ድረስ ገና መንገድ አልጀመረም አለን። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስንመለስ ያንን ብቅል ጠመቀችው፤ ጎረቤቱም ተጠራ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ አንቺ ድነሻል። ይኼ ታዲያ የማን ተዝካር ነው? የማንን ስም ልጥራ?»

«የዚያ እብጠት ነዋ» ብላ ዋንጫቸውን ሞላችላቸው። «ስም አይፈልጉለት አባ፣ ሳይጠመቅ ነው የሞተ።»