መራቂን ማን ያርማል?

«ዳገቱ ላይ ሆነሽ ቆላውን ስታዪ…» ቀሪው ስንኝ ጠፍቷት እያንጎራጎረች፣ አፊፋ ምሳዋን ሳትነካ በአንኮበሩ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሣች። ማኅበሩ ያገኘው አዲስ ወፍጮ በቆላው መንደሯ በአልዩ አምባ እንዲተከል ልትለምን ነው፤ እህል ተሸክሞ ዳገት መውጣት የመንደሯን ሴቶች አስመርሯቸዋል። አፏን የፈታችው ግን በአርጎብኛ ነውና አማርኛዋ ይሰናከላል።

ገና አንድ ቃል ስትናገር የአንኮበሯ እናትነሽ፣ «ኧረ እቴ፣ እንዲህ አይባልም!» ብላ አቋረጠቻት። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ።

የአፊፋ ፊት በርበሬ መሰለ። ድንገት መዳፎቿን ዘረጋች። መራቂን ማን ያቋርጣል? ማንስ ያርማል?

«ወፍጮው ቆላ ይውረድ!»

«አሜን!»

«የእናቶች ወገብ ይረፍ!»

«አሜን! አሚን!» ከሁሉም በላይ የጮኸችው እናትነሽ ነበረች።

ሰብሳቢዋ ጓድ በሰለች ሣቁ። «እንግዲህ አሜን ብለናል! ወፍጮው አልዩ አምባ ይተከል።»

እልልታው ቀለጠ። አፊፋም የጠፋው ስንኝ ትዝ ብሏት እየዘፈነች ተቀመጠች፣ ስንቋን ፈታች፣ ጎረሰች።