ተፈወስኩ ያልኩበት ጉልበት

"አውርደው! እግርህን አውርደው እልሃለሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነው።"

"ታዲያ መስኮቱን ዝጊዋ፣ አዮ። እግሬ ምን አደረገሽ?"

"በመስከረም ማይክ ይዘህ ድኛለሁ አልክ። በጥቅምት ምንጣፍ ላይ ተጋድመህ እግር ታነሳለህ። ያየ ሰው ምን ይላል?"

"ስፖርት ይሠራል ይላል።"

"ስፖርት የሚሠራ ሰው ጥርሱን እንዲህ አይነክስም፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ወይ ድነሃል፣ ወይ አልዳንክም። አንዱን ያዝ።"

ቆጠራዬ ሰባት ላይ ነበር። እናቴ መስኮቱን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ከዚያ በላይ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ብዬ አወረድኩ። ነቀምቴ ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ፣ የገዛ ጉልበቴን ያከምኩት እንዲህ ነው፤ ጫት ደብቆ እንደሚቅም ጎረምሳ፣ በር ተዘግቶብኝ።

ይህን የምጽፈው የጉልበቱ ሎሚ ዙሪያውን ለሚያመው ሰው ነው። ደረጃ መውረድ ለሚፈራ፣ ብዙ ተቀምጦ ሲነሳ ፊቱ ለሚጨማደድ። የትኛውን እንቅስቃሴ መርጬ እንደዳንኩ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያጠፋሁትን ልናገር፤ እሱን ዘልዬ ምክር ብቻ ብሰጥ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

በነቀምቴና በአርጆ መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ጆንያ፣ ፍራሽ፣ የዶሮ ቅርጫት ጣሪያ ላይ የምጭነውም የማወርደውም እኔ ነኝ። አንድ የሐምሌ ጠዋት አርጆ ላይ ከጣሪያው መሰላል ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ ሎሚው ሥር አመመኝ። አልወደቅኩም፣ ማንም አልመታኝም። የሕመሙን ቦታ በአንድ ጣት አሳይ ብባል አልችልም ነበር፤ መዳፌን በሙሉ ጉልበቴ ላይ አሳርፌ "እዚህ አካባቢ" ነው የምለው። ስወጣ ይሻላል፤ ስወርድ ይብሳል። ከሾፌሩ ኋላ ጉልበቴን አጥፌ አንድ ሰዓት ስቀመጥ መቀመጡ ራሱ ያመኝ ጀመር። ስነሳ ውስጡ አሸዋ የገባበት ማጠፊያ ይመስላል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ስልኬ ውስጥ ነው። አንድ ጡንቻው ያበጠ ሰውዬ "ጉልበትህ የሚያምህ ስለደከመ ነው" እያለ እስከ መሬት ቁጢጥ ብሎ ሲነሳ፣ ደግሞ ሲዘል አየሁ። ተከተልኩት። በቀን መቶ። በሦስተኛው ቀን መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ አልኩ። መነሳት አቃተኝ። ግድግዳው እርጥብ ነበር። ያዝኩት። አንሸራተተኝ። እንደገና ያዝኩት። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ጎረቤት ያንኳኳል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።

ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ቤተ ክርስቲያናችን የጾምና የጸሎት ሳምንት ነበራት። እናቴ ስሜን አስመዘገበች። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሰባቱንም ቀን እዚያው ዋልኩ። መንበርከክ ስለማልችል አግዳሚ ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ፤ ሌላው ሕዝብ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ ለእኔ ጉልበት ይጸልያል። እናቴ ከሁሉም ፊት ነበረች። በሰባተኛው ቀን ተነስቼ ተራመድኩ። አላመመኝም። የመድረኩን ሦስት ደረጃ ወጥቼ ወረድኩ። አላመመኝም!

ውሸታም አልነበርኩም፤ በዚያች ሰዓት። ጭነት ሳላነሳና መሰላል ሳልነካ ሰባት ቀን ማሳለፌን ማን አስቦት? በእኛ ዘንድ የተፈወሰ ሰው ይመሰክራል፤ እኔም በመስከረም መጀመሪያ እሁድ ማይክ ያዝኩ። በኦሮምኛ ተናገርኩ። ችግሩ ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ሰው ሲያጨበጭብ ልቤ አበጠና መጨረሻው ላይ በአማርኛ ሁለት ስንኝ ጨመርኩ፦

ስወጣ ያቃተኝ፣ ስወርድ የከዳኝ፣
ጉልበቴ ጸናልኝ ጌታዬ ሲነካኝ።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ያ ምስክርነት ተራ ወሬ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ይረሳ ነበር። ቤት ስለመታ ግን ሰው ሸመደደው።

በአራተኛው ቀን አርጆ ላይ ሁለት ጆንያ አውርጄ ሦስተኛውን ሳነሳ ሕመሙ ተመለሰ። እዚያው ቦታ። እንደ ድሮው። ለማንም አልተናገርኩም።

የሚኒባሱ ባለቤትና ሾፌር ኦቦ ዳባ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልከው። መሰላሉ ሥር ቆም ስል "ምን ትጠብቃለህ? አንተ እኮ የተፈወስክ ነህ! ኢሾ፣ ውጣ!" ይለኛል፤ ተሳፋሪው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ እወጣለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆንኩ። ሦስተኛው ላይ ትከሻዬን አሞኛል ብዬ ዋሸሁት። ጉልበቴ ድኖ የለ? ሌላ የሚታመም አካል መፈለግ ነበረብኝ። ጣሪያውን ለሌላ ረዳት ሰጠልኝና "ለትከሻህም እንጸልያለን" አለኝ። አሜን አልኩ።

ሆስፒታል የሄድኩት ተደብቄ ነው። ሐኪሙ ጉልበቴን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ሎሚውን በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ኤክስሬይ አዘዘ። አጥንቱ ደህና ነበር። ወረቀቱ ላይ "ፓቴሎፌሞራል ፔይን ሲንድረም" ብሎ ጻፈና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። ፓቴላ የጉልበት ሎሚ ማለት ነው፤ ፌመር የጭን አጥንት። ሎሚው በጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ ሲንቀሳቀስ ከአቅሙ በላይ ጫና በዝቶበታል ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ኢፍቱ ትባላለች። ከደረጃ ላይ በአንድ እግሬ ዝቅ እንድል አዘዘችኝና ጉልበቴን ሳይሆን ዳሌዬን ተመለከተች።

"ጉልበትህ ወደ ውስጥ ይወድቃል" አለች። "ዳሌህ አልያዘውም። ያረፍክ ጊዜ ተሽሎህ ነበር?"

"ሰባት ቀን።"

"ዕረፍት ሕመሙን ያስተኛዋል። ጡንቻህን ግን አያነሳልህም።"

ይህች አንዲት አረፍተ ነገር ምስክርነቴን አፈረሰችው። እሷ ግን አላወቀችም፤ የቀጣዩን በሽተኛ ስም እየጻፈች ነበር።

ከስልኬ የመረጥኳቸውን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። እስከ መሬት ቁጢጥ ማለትና መዝለል ለጊዜው አቁም አለችኝ፤ መጥፎ ሆነው ሳይሆን የታመመ ሎሚ ላይ ጫናው ስለሚበዛ ነው። በምትካቸው አራት ሰጠችኝ። አንደኛው መሬት ተቀምጦ እግርን መዘርጋት፣ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ማድረግና የጭንን የፊት ጡንቻ፣ ኳድሪሴፕሱን፣ አጥብቆ ፎጣውን ወደ መሬት መጫን ነው፤ አምስት እስኪቆጠር ይያዝና ይለቀቃል። ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ ደህናውን እግር አጥፎ የታመመውን ቀጥ እንዳለ ማንሳት፤ ከታጠፈው ጉልበት ከፍታ አያልፍም። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሳትም አለ፤ እሱ ለዳሌ ነው፣ ቀላል ይመስላል፣ ስምንተኛው ላይ ግን ያቃጥላል። የመጨረሻው ሁለቱንም ጉልበት አጥፎ በጀርባ መተኛትና መቀመጫን ከመሬት ማንሳት ነው። እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት አራት ቀን።

"ሲያምህስ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ።

"እታገሳለሁ።"

"አትታገስ። ከአሥር ስንት እንደሆነ ለራስህ ንገረው። እስከ ሦስት ቀጥል። ከዚያ ካለፈ ቀንስ። በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ ከባሰብህ ደግሞ በግማሽ ቀንስ። ለራስህ ብቻ አትዋሽ።"

ለራስህ ብቻ አለች። ለሌላው እንደምዋሽ በምን አወቀች?

እናቴ የደረሰችብኝ በዚያ ሰሞን ነው። ከተጣላን በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል በመካከላችን የምግብና የልብስ ወሬ ብቻ ነበር። እኔ ግን አላቋረጥኩም፤ ጠዋት ኦቦ ዳባ ጡሩንባውን ከመንፋቱ በፊት ተነስቼ፣ መጋረጃው እንደተሳበ፣ ምንጣፉ ላይ ተኝቼ እቆጥራለሁ። በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ከአምስት ወደ ሦስት ወረደ፤ በስድስተኛው ኢፍቱ አንድ ጡብ ላይ መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ፣ እንዲሁም ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ያህል እንኳ ሳይደርሱ ዝቅ ማለት ጨመረችልኝ፤ ስወርድ ጉልበቴ ከእግሬ ሁለተኛ ጣት ትይዩ እንዲሆን መስታወት ፊት አቆመችኝና ሲያጋድል እኔው ራሴ እስካየው ድረስ አስደጋገመችኝ። በኅዳር መጨረሻ ከጣሪያው መሰላል ግማሽ ጭነት ይዤ ወረድኩ፤ በታኅሣሥ ሙሉውን። ኦቦ ዳባ "ትከሻህ ዳነ?" አለኝ። ዳነ አልኩት።

አዴ ጫልቱን ያገኘኋቸው በዚያው ኅዳር ገበያ ላይ ነው። አጥር የምንጋራቸው ጤፍ ነጋዴ ናቸው፤ የግራ ጉልበታቸው ካበጠ ቆይቷል። ሲያዩኝ ሁለቱን ስንኞች በቃላቸው ወረዱልኝና ሳቁ። "አንተን ሰምቼ የሆስፒታሉን ቀጠሮ ተውኩት፤ ፈሳሹን ቀድተን እንመርምር ብለውኝ ነበር" አሉ። ተንበርክከው መጸለይ ከጀመሩ ሁለት ወራቸው ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ገበያው ጫጫታ ነው፣ ሰው ይሰማል፣ ኦቦ ዳባ ይጠራኛል። አሜን አልኩና ሄድኩ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በሎሚው ዙሪያ የሚያማችሁ ከሆነና ሐኪም አይቶ ሌላ ነገር የለም ካላችሁ፣ የሚያቃጥለውን ሳይሆን ነገ ጠዋት የማያስጠይቃችሁን እንቅስቃሴ ምረጡ። ዳሌን አትርሱ። ደረጃ ስትወርዱ የታመመው እግር ይቅደም፣ ስትወጡ ደህናው። ቁጥሩን ጨምሩ እንጂ ጥልቀቱን አታስቸኩሉ። ወራት ይፈጃል፤ በሳምንት የሚድን ከመሰላችሁ ያረፈ እንጂ የዳነ አይደለም። ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከተቆለፈ፣ ወድቃችሁ ወይም ትኩሳት ይዟችሁ ከሆነ ግን የእኔን ጽሑፍ ጣሉና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መጸለይ የምትፈልጉ ጸልዩ፤ እኔም እጸልያለሁ። መድረክ ላይ ለመውጣት ግን አትቸኩሉ።

ኢፍቱን አመሰግናለሁ፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው በሩን ሞልቶት ሳለ መስታወት ፊት አቁማኛለች። እናቴንም አመሰግናለሁ። ሰባት ቀን ሲሚንቶ ላይ የተንበረከከችው ለእኔ ነው፤ ያ ውሸት አልነበረም።

ያለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዴ ጫልቱ እቤታችን መጡ። እናቴ በክንዳቸው ይዛ አስገባቻቸው። ሲቀመጡ የግራ እግራቸው አልታጠፈም።

"አንተን ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "ከጸሎቱ በኋላ ስንት ቀን ፈጀብህ? የእኔ ዘገየ። የጎደለኝ ነገር ካለ ንገረኝ፣ አልቀየምም።"

እናቴ አየችኝ። "ታገሱ በላቸው፣ ኢልመ ኮ" አለች። "ማሎ፣ እባክህ።"

ጉልበታቸውን በእጄ ነካሁት። ትኩስ ነበር።

"አዴ ጫልቱ፣ የጎደለዎት ነገር የለም" አልኩ። "እኔ አልዳንኩም ነበር። ሕመሙ ተመልሶብኝ ዝም አልኩ። አሁን የተሻለኝ ሆስፒታል ሄጄ እንቅስቃሴ ተሰጥቶኝ ነው። የእርስዎ ደግሞ የእኔ ዓይነት አይደለም፤ ይሞቃል። ዛሬውኑ መታየት አለበት። እኔ እወስድዎታለሁ።"

ሲሰሙኝ አልተቆጡም። እንደ ነጋዴ ነው ያዳመጡኝ፤ ቃል በቃል፣ ሚዛን ላይ እያወጡ።

"መቼ ነው የተመለሰብህ?"

"በመሰከርኩ በአራተኛው ቀን።"

"የእኔ ቀጠሮ በአሥረኛው ቀን ነበር" አሉ።

በጣታቸው ቆጠሩ።

"ስድስት ቀን ነበረህ፣ ልጄ። ቤትህና ቤቴ በአንድ አጥር ነው።"

"አሁን እንሂድ። ባጃጅ ልጥራ።"

"ካንተ ጋር?" አጭር ሳቅ ሳቁ። "ካንተ ጋርስ አልሄድም።"

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዙትም። እናቴ መጥታ ከብብታቸው ሥር ገባችና ክብደታቸውን በትከሻዋ ተቀበለች። ወዴት እንደሚሄዱ አልነገሩኝም። ደፉን ሲሻገሩ አዴ ጫልቱ በደህናው እግራቸው ቆመው የታመመውን በእጃቸው አንስተው አሳለፉት። እናቴ ወደ እኔ ሳትዞር በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።