ወንዝ ዳር የተነገረ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቿ ዕድሜ የጠገቡ እናት ናቸው። ለቀስተኛው የሚያወራው ግን ስለ ልጃቸው ነበር። ልጁ የእናቱን ሞት ያወቀው ገበያ መሃል ቆሞ ስልኩን ሲከፍት ነው። አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቷቸውን ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎበት አየ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ዘንድሮ መርዶ ነጋሪም ቀረ» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የእኔ ልብ ወደ ሽንፋ፣ ወደ ዘሃራ ሄዶ ነበር።

መተማ ውስጥ ያለችው ሽንፋ የመጀመሪያ የሥራ ቦታዬ ናት። ከመምህራን ኮሌጅ እንደወጣሁ ዕጣዬ መተማ ወጣ፤ የጎንደር ልጅ ብሆንም ቆላውን የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር። በደረስኩ በሳምንቱ ወባ ጣለኝ። ያስታመመችኝ ዘሃራ ናት። ለወባ ሥራ በመጣ ፕሮጀክት የተቀጠረች የድሬዳዋ ልጅ፣ ነርስ ነበረች። ከዳንኩ በኋላ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። ሙቀቱ እኔን ሲያንገላታኝ እሷ ደጅ አልጋዋ ላይ ተጋድማ የሱዳኖቹን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ከረከዴ፣ እየጠጣች ትስቅብኛለች። ትልቅ ትንሽ ሳትል ሰውን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» ትላለች። እኛ ዘንድ ይህ ነውር ነው፤ በእሷ አፍ ግን ማንም አይቀየምም ነበር። እናቷን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደጋት አባቷ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ድርያ ቀሚሷን ሁሉ ራሱ እየሰፋ ነው ያሳደጋት።

መስከረም ላይ ነው። ሰሊጡ ሊታጨድ ደርሷል፤ ዝናቡ ግን ገና አልለቀቀም። በከተማዋ የነበረው ስልክ ቴሌ ቤት ያለው ብቻ ስለነበር፣ የቴሌው ሠራተኛ ራሱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ከድሬዳዋ እንደምፈለግ ነገረኝ። የደወለው የዘሃራ ታላቅ ወንድም አብዱ ነበር። ድምፁ ተሰብሯል።

«አብረሻት የምትኖሪው አንቺ ነሽ?» አለኝ። «አባባ አርፏል። ትናንት ቀበርነው። ለእሷ ታሟል በያት፤ ሞተ እንዳትያት። ዓርብ ከሰዓት ከጎንደር በሚነሳው አውሮፕላን ቦታ ይዘንላታል። እዚህ ስትደርስ ተሰብስበን እኛው እንነግራታለን። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው፣ አደራ።»

አደራውን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ፊቴን ታጥቤ፣ አባቷ ትንሽ እንዳመመውና ወንድሟ ነይ እንዳለ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ወዲያው መንገዱን ማቀድ ጀመረች። የፕሮጀክቱ መኪና በክረምት ጎንደር ነው የሚቆመው፤ ከሽንፋ እስከ ገንዳ ውሃ ከተማ ያለውን ጥቁር አፈር ደግሞ በዚያ ወቅት ከትራክተር በቀር የሚደፍረው የለም። ሐሙስ በትራክተር ገንዳ ውሃ ደርሰን እናድራለን፤ ዓርብ በጠዋት መኪና ጎንደር እንገባለን፤ ከዚያ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ። በእቅዱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ትርፍ አልነበረም።

«ለትንሽ ሕመም በአውሮፕላን ይጠሩኛል?» አለችኝ ልብሷን እያጠፈች።

«ናፍቆሽ ይሆናል» አልኳት።

ለአባቷ ከሱዳን ነጋዴዎች የገዛችውን ነጭ ጀለቢያ ከሻንጣው በላይ አደረገችው። «አቦ እሱ እኮ ልብሱን አያይም፣ ስፌቱን ነው የሚያየው። ይሄን የሰፋው ማን ነው፣ እጁ ይሰበር ነው የሚለኝ» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ሳቅ የለም።

ትራክተሩን የሚነዱት ጋሼ ባየ የሚባሉ፣ የአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ያረጁ ሰው ነበሩ። እውነቱን ለእሳቸው ነግሬያቸዋለሁ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተጎታቹ ላይ ጭድ ጎዝጉዘው አወጡን። እኔም እስከ ጎንደር ልሸኛት አብሬ ተሳፈርኩ። ማሽላው ከግራ ከቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ ጎማው የሚወረውረው ጭቃ ፊታችን ድረስ ይመጣል። ዘሃራ ስለ አባቷ ታወራለች። ስኳሩ ተነሥቶበት ይሆናል፣ መድኃኒቱን አይወስድም፣ ስደርስ እኔ ራሴ እከታተለዋለሁ እያለች። እኔ ማሽላውን አያለሁ።

ብዙ ሳንሄድ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ አገኘነው። ደፍርሶ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ዳር ላይ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው የሚሄዱ፣ ከወሎና ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ተቀምጠው መጉደሉን ይጠብቃሉ።

ጋሼ ባየ ሞተሩን አጠፉ። «ልጆቼ፣ ይህ ውሃ ትራክተር ይገለብጣል። ከላይ ዝናቡ ካባራ ከሰዓት ይጎድላል። እንጠብቅ።»

«አንተ ጋሼ ባየ፣ አውሮፕላኑ እኮ አይጠብቀኝም» አለች ዘሃራ።

«ነፍስ ይቀድማል፣ ልጄ።»

በዚህ መሃል ከሠራተኞቹ ሁለት ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወንዙ ውስጥ ገቡ። አንደኛው ተንሸራቶ ውሃው ወሰደው፤ እንደምንም ታች ያለ ቁጥቋጦ ይዞ ማዶ ወጣ። ዘሃራ ያየችው ግን መሻገራቸውን ብቻ ነው። ጫማዋን አውልቃ ሻንጣዋን ራሷ ላይ አደረገች። ጋሼ ባየ ፊቷ ቆሙ።

«ልቀቀኝ። አባቴ እየጠበቀኝ ነው። ሳላየው ቢሞት ማን ይመልስልኛል?»

ጋሼ ባየ ወደ እኔ ዞር አሉ። ዓይናቸው «ንገሪያት» አለኝ። እሷ በጎናቸው አልፋ ገባች። ውሃው ጉልበቷን አለፈ፤ ቀሚሷን ወደ ታች ሲጎትተው አየሁ። ሮጬ ገብቼ ከኋላ ወገቧን ያዝኳት። የወንድሟን አደራ አልረሳሁም፤ ግን ለሞተ ሰው ለመድረስ ልትሞት ነው።

«ዘሃራ፣ ተመለሽ። አባባ አርፏል። የምትደርሺበት ነገር የለም።»

ከእጄ ለማምለጥ መታገሏን ተወች። ፊቷን ሳታዞር «ቀብረውታል?» አለች።

«ቀብረውታል።»

ሻንጣውን ጋሼ ባየ ተቀበሏት። ዳር ወጥታ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያወጣችውን ድምፅ አልጽፈውም።

ሠራተኞቹ ተነሥተው መጡ። አንዱ ጎጃሜ ትኩር ብሎ አያትና «ይቺ'ኮ አምና በወባ ስሞት መርፌ የወጋችኝ ናት» አለ። ማጭዳቸውን ከመሬት አስቀምጠው በዙሪያዋ ተቀመጡ። ከመሃላቸው ሽበት የጀመራቸው አንድ ወሎዬ ሼህ ነበሩ። የአባቷን ስም ጠይቀው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሙስሊሞቹ አሚን አሉ፣ ክርስቲያኖቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ከስንቃቸው የማሽላ ቂጣ ቆርሰው በግድ አጎረሷት። ዘመድ በሌለበት፣ ድንኳን በሌለበት፣ ሐዘን ተቀመጥን። ዘሃራ ጀለቢያውን አውጥታ ለሼሁ ሰጠቻቸው። «ለእሱ ሰደቃ ይሁን» አለች።

ከሰዓት ውሃው ጎደለ። ተሻገርን፤ በእቅዳችን መሠረት ገንዳ ውሃ አደርን፣ ዓርብም በጊዜ አዘዞ ደረስን።  መግቢያው ላይ ስንሰነባበት እጄን ይዛ «እንደነገርሽኝ ለአብዱ እንዳትነግሪው» አለችኝ።

በኋላ ደውላ የሆነውን አጫወተችኝ። ድሬዳዋ ስትደርስ ዘመዶቿ ተሰብስበው፣ አብዱ ስንት ጊዜ ጀምሮ እያቋረጠ፣ በመጨረሻ ነገራት። እሷም እንዳልሰማች ሆና ሰማች። «ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ቃሉን ሲያዘጋጅ ነው የከረመው። እንዴት አውቄዋለሁ ልበለው?» አለችኝ። «ደግሞ ማስመሰል አልነበረም። ሲነግረኝ እንደ አዲስ ነው የሞተብኝ።» አብዱ ስልኩን ተቀብሎ አደራዬን ስለጠበቅሁ አመሰገነኝ። እውነቱን ሳልነግረው ምስጋናውን ተቀበልኩ። እሱም ሳያውቅ ከዓመታት በኋላ አረፈ። ዘሃራ ወደ ሽንፋ አልተመለሰችም፤ ዕቃዋን ጠቅልዬ የላክሁላት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ያደረግሁትን ደግሜ ባደርገው ያንኑ አደርጋለሁ። ሆኖም መርዶ በዘመድ መሃል፣ በማለዳ፣ በወግ ይነገር ያሉት ቀደምቶቻችን አልተሳሳቱም። የፈሩት ሞቱን አይመስለኝም፤ ሰው ሲሰማው ብቻውን መሆኑን ነው።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶው ቤት ሰው ሲቀንስ የሟቿ ልጅ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ስልኩን ሲከፍት ማን አብሮት እንደነበር ጠየቅኩት።

«ማንም» አለኝ። ቆይቶ ግን፣ «አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ነበረች። ስወድቅ ደግፋኝ፣ መደቧን ጥላ እዚህ በር ድረስ አደረሰችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም» አለ።

«ሐዘኑ ሲያልፍ ሂድና ጠይቃት» አልኩት።