በእርሳስ የተጻፈ አድራሻ

ሴትዮዋ ቅጹን የምትሞላው በእርሳስ ነበር። በኮሌጁ ምዝገባ ክፍል ሃያ ዓመት የሠራችው ዶሪን የወታደር ሚስቶችን በዚህ ትለያቸዋለች፤ በየሁለት ዓመቱ ከግዛት ግዛት ስለሚዛወሩ አድራሻቸውን በእስክሪብቶ መጻፍ አይደፍሩም። የዚችኛዋ እርሳስ ላጲሱ አልቆ ቆርቆሮው ብቻ ቀርቷል። በቴክሳስ የሐምሌ ሙቀት ወፍራም የወንድ ሹራብ ለብሳለች። እጅጌው ጣቶቿ ላይ እየወረደ ያስቸግራታል፤ ግን አትሰበስበውም።

«ለልጄ ነው» አለች ቀና ሳትል። «እንደ አገሬው ሰው በቅናሽ ከከፈለች ትማራለች። ያለዚያ አንችለውም።»

«አባቷ እዚህ ጦር ሰፈር እስከተመደበ ድረስማ መብቷ ነው፣ የኔ እመቤት። ግን በእርሳስ አይሆንም። ነገ ባለቤትዎን ሲያዛውሯቸው መጥተው አድራሻውን ሊያጠፉት ነው እንዴ?» ዶሪን በራሷ ቀልድ ሳቀች። «ለመሆኑ አሁንም እዚሁ ናቸው?»

«እዚሁ ነው። ከሰፈሩ ጀርባ፣ የወታደሮቹ መቃብር።»

ዶሪን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«እስክሪብቶ ያውሱኝ» አለች ሴትዮዋ። «ከእንግዲህ አያዛውሩትም።»

ከዚያ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስባ፣ በእርሳስ በጻፈችው አድራሻ ላይ ፊደል በፊደል በቀለም ደገመችበት።