ነጠላችን ተቋጥሮ ሞጆ የሄድን ዕለት

ከቄሱ ዘንድ የወጣሁት ዳዊት ሳልደግም ነው። ጽሑፌ ከተንጋደደ ያነበበው ያቃናው። ልጆቼ እንግሊዝኛህ የት ገባ ሲሉኝ ሁልጊዜ "ረሳሁት" እላቸዋለሁ። አልረሳሁትም። ከመሞቴ በፊት እንዴት እንደ ነበረ ልጻፈው።

ያኔ ጣሊያን ገና አልመጣም። ናዝሬት ማለት ለገሃሩ፣ ከፊቱ ያሉት ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነው። እኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነበር፤ የአንድ እንግሊዝ የቆዳ መጋዘን እጠብቃለሁ። ከአርሲና ከሻሸመኔ በኩል በአህያ የሚመጣው ሌጦ እኛ ዘንድ ጥላ ውስጥ ተወጥሮ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ዘበኞቹ ሁለት ነን። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተራው የኔ ነው። ከዘጠኝ በኋላ የአንድ አርሲ ሽማግሌ ነው፤ እስላም፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። መጋዘኑ ጓሮ ስለሚኖሩ ቀኑን ሙሉ አይርቁም። ጠዋት ሲያዩኝ "አካም ቡልቴ" ይሉኛል፤ እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ" እላለሁ።

እንግሊዝኛ ልማር ያልኩት በእልህ ነው። አንድ ቀን ጌታው በቋንቋው ጠራኝና የሆነ ነገር አዘዘኝ። መቼም ገመድ ነው ብዬ ገመድ ይዤ ሮጥኩ። የፈለገው ለካ ውሃ ኖሯል። ሌጦ የሚያስሩት ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ "ጌታው ጠማው፣ ገመድ አምጣለት" እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ የተሳቀብኝን ነገር አልተውም። ለጌታው አስተርጓሚ፣ ቱርጁማን ሳልሆን አልሞትም አልኩ።

ለገሃሩ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ ህንዳዊ ነበር። አማርኛም እንግሊዝኛም ስለሚያውቅ ጌታው ከሹም ጋር ሲነጋገር የሚያስተረጉመው እሱ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲከር ሱቁን ይዘጋል። ውሃ ልቅዳልህ፣ ጣቃውን ላንሳልህ፣ አስተምረኝ አልኩት። እሺ አለ።

የሚያስተምረው በመስኮቱ የቆመውን ባቡር እያሳየ ነው።

"ፊተኛው ፉርጎ 'አውቃለሁ' ነው" አለኝ። "ወይ 'አላውቅም' ነው፣ ወይ 'ንገረኝ' ነው። ኋለኛው ፉርጎ ሙሉ ወሬ ነው፤ ሰው ተሳፍሮበታል፣ ሥራ ተጭኖበታል። ሁለቱን የሚያያይዘው ብረት እነዚህ ናቸው። ሁ፣ ዋት፣ ዌር፣ ዌን፣ ዋይ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን።"

"እነዚህማ መጠየቂያ ናቸው" አልኩት።

"ብቻቸውን ከቆሙ ይጠይቃሉ። ከፊታቸው ፉርጎ ከያዙ አይጠይቁም። 'ዌር ኢዝ ሂ' ካልክ ሰውየው የት እንዳለ ጠፍቶሃል። 'አይ ኖው ዌር ሂ ኢዝ' ካልክ ታውቃለህ። በል እስቲ።"

"አይ ኖው ዌር ኢዝ ሂ።"

ጨርቅ በሚለካበት እንጨት ጉልበቴን ቸብ አደረገኝ። "ታውቃለህ ወይስ ትጠይቀኛለህ? አንዱን ምረጥ።"

አንድ ነገር ግን አልወደድኩለትም። በኛ ቋንቋ ማወቅህን የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ማን እንደ ወሰደው፣ የት እንዳደረሰው ብለህ ብለህ፣ ሰው ሁሉ አፍ አፍህን ሲያይ ነው አውቃለሁ ወይም አላውቅም የምትለው። እነሱ ገና ሲጀምሩ ይናገሩታል። ለሰው የማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም አልኩ በልቤ።

ወደ ህንዱ ስሄድ ሽማግሌውን በር ላይ አቆማቸዋለሁ።

"አባባ፣ አንዴ ይያዙልኝ።"

"የት ልትሄድ ነው?"

"እንግሊዝኛ ልማር።"

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አማርኛውን ጨረስከው እንዴ?"

"እርስዎስ ኦሮምኛውን ጨርሰዋል?"

"እኔማ ገና እየሰማሁት ነው።"

"ለጌታው እንዳይነግሩብኝ።"

"አልናገርም" አሉኝ።

አንድ ቀን እንዲሁ አቁሜያቸው ሄድኩ። ለወትሮው ከስግደታቸው በፊት እመለስ ነበር፤ ያን ዕለት ትምህርቱ ጥሞኝ ቆየሁ። እሳቸው ይመጣል ብለው ጠበቁኝ፤ ሰዓቱ ሲያልፍባቸው ጓሮ ሄደው ታጥበው ሰገዱ። በዚያች መሀል በጎን ያለው ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሁለት እስር የፍየል ሌጦ ወጣ። ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጌታው ለሹሙ ጮኸ፤ ሹሙም አፈርሳታ ጠራ። የአገሩ ወንድ በሙሉ ትልቁ ግራር ሥር ተቀመጠ። ሌባው ካልተጠቆመ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፤ በሬው ቢጠፋ፣ እህሉ ቢረግፍ የሚሰማው የለም። እያንዳንዱ እየተነሣ ያየሁት የሰማሁት የለም ብሎ ይምላል። የሚያውቅ ካለ ለተመረጡት ሽማግሎች በጆሮ ይናገራል፤ እነሱም ወፍ እንዲህ አለች ብለው ያወጡታል፤ ወፏ ማን እንደ ሆነች አይጠየቅም። ሁለት ቀን ወፍ አልተናገረችም። ሰው ተማረረ። በሦስተኛው ቀን ወፍ ዘበኛውን ሽማግሌ ያለ ተራቸው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጋዘኑ በር ላይ አየች ተባለ።

ሹሙ አስነሣቸው። "ለምን እዚያ ቆምክ?"

"ቆሜ ነበር" አሉ።

"ለምን?"

"ቆሜ ነበር።"

ወደኔ ዞር እንኳ አላሉም። እኔ አምስት እርምጃ ያህል ርቄ ተቀምጫለሁ፤ ያን ዕለት ከተራዬ መጥፋቴን የጠረጠረ የለም። ለምን እንደ ቆሙ ከሳቸውና ከኔ በቀር የሚያውቅ አገር ላይ የለም። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እኔ ግን ዐይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ብናገር ተራዬን ጥዬ መሄዴ ሊወጣ ነው፤ ሥራዬም ቱርጁማንነቴም ያን ጊዜ ቀረ።

ነገሩ ሞጆ ለተቀመጠው ዳኛ ይቅረብ ተባለ። እንደ ልማዱ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ነው የሚሄዱት፤ ቋጠሮውን የፈታ ተረታ። እንግሊዙ ከሰው ጋር አልቋጠርም አለ። "የኔ ሰው በኔ ፈንታ ይሂድ" ብሎ በህንዱ አስነገረ። የሱ ሰው እኔ ነኝ። ሹሙ በገዛ እጁ የኔን ነጠላ ከሳቸው ጋር ቋጠረው።

በማግስቱ በማለዳ ሐዲዱን ይዘን ወጣን። ከኋላችን የሹሙ ጭፍራ በበቅሎ ይከተላል። ጌታውና ህንዱ በባቡር አለፉን። እኔ ስፈጥን እሳቸው ይሳባሉ፣ እሳቸው ሲያነክሱ እኔ እቆማለሁ። እንዲህ እያልን እኩለ ቀን አለፈ።

"ልስገድ" አሉኝ።

ከኮዳቸው ውሃ ቀንሰው ታጠቡ። ሲያጎነብሱ ነጠላው ሳበኝ፤ ካላጎነበስኩ ሊቀደድ ነው። አጎነበስኩ። ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ እኔም በጉልበቴ ወረድኩ። ጭፍራው በቅሎው ላይ ሆኖ "ሰለምክ እንዴ፣ አንተ" ብሎ ሳቀ። ያቺው ሰዓት ናት፤ የዚያን ዕለትም በዚህ ሰዓት ነው ሲጠብቁኝ ቆይተው የሄዱት።

ሲጨርሱ "አባባ፣ ለምን አይናገሩም?" አልኳቸው።

"አልናገርም ብዬህ የለ።"

"ቢፈርዱብዎትስ?"

ነጠላቸውን አራገፉ። "አንተ ትናገራለህ ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ዛሬም ቀኑ አልመሸም" አሉና ተነሡ። ሞጆ ከሰዓት በኋላ ደረስን።

ዳኛው ዳስ ሥር ተቀምጧል። ጌታውና ህንዱ ቀድመውን ቆመዋል። ከሳሽ ተናገር ተባልኩ።

"እኚህ ሰው በር ላይ ለምን እንደ ቆሙ…" አልኩና ቋጠሮውን አየሁት። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። አላውቅም ማለት ይቻለኝ ነበር፤ እዚያ ድረስ ገና ይቻለኝ ነበር። "…አውቃለሁ" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ።

"ምስክር አለህ?" አለ ዳኛው።

ህንዱን አየሁት። የሚያስተረጉመው እሱ ነው፤ ነገር ግን ጌታውን ፈርቶ ጫማውን ያያል። እኔው ወደ እንግሊዙ ዞርኩና "አይ ኖው ዋይ ሂ ስቱድ ዜር" አልኩት። ስንት ወር በእንጨት የተመታሁበት አረፍተ ነገር ያን ቀን ሳይጣመም ወጣ። እንግሊዙ ወንበር የተናገረ ያህል አፈጠጠብኝ። ያኔ ህንዱ ቀና አለ። "እኔ ነኝ ያስተማርኩት" አለ ለዳኛው። "የዚያን ዕለትም እኔ ዘንድ ነበር።"

ዳኛው ሽማግሌውን ለቀቀ። የተጠረጠሩበት ነገር መቆማቸው ብቻ ነበር፤ የቆሙበት ምክንያት ታወቀ። እኔን ጌታው እዚያው አሰናበተኝ። ከመሄዱ በፊት ግን ቀረብ አለና ቀስ ብሎ፣ እንድሰማው ብሎ፣ ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ከአፉ የወጣውን ሁሉ ያለ ቱርጁማን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የምለው አጣሁ። ትቶኝ ሄደ።

ቋጠሮው በላብና በአቧራ ጠጥሮ በጣት እምቢ አለ። ሽማግሌው በጥርሳቸው ፈቱት። "በል፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አሉኝ። ተከትያቸው ወጣሁ፤ በእርምጃቸው ልክ ስሄድ ናዝሬት ደረስን።

ከዚያ ወዲህ ያን ቋንቋ አልተናገርኩም። ልጆቼንም ረሳሁት እያልኩ ሸነገልኳቸው። ከሁሉ ያቃተኝ ለእንግሊዙ ያልመለስኩለትን መናገር ነው። አሁን ይኸው፤ ሥራዬን ፈርቼ፣ ቱርጁማን መባል ወድጄ ነው። ያን ሦስት ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ አውቃለሁ።