ያልገባው ፓራሊዮ

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ጋራዥ ውስጥ በርጩማ አስመጥቼ ተቀመጥኩና መካኒኩ የመኪናዬን ፓራሊዮ ሲቀይር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ፓራሊዮ ማለት ዘይት እንዳይፈስ አፍ አፉን የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው። መካኒኩ ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጥቼ እንድመለስ ለመነኝ፤ ንቅንቅ አላልኩም። በሦስተኛው "እትዬ፣ አያምኑኝም እንዴ?" አለኝ፣ ቅር ብሎት። እሱ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው አባቴ ነው።

ያኔ የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የምንኖረውም ወልቂጤ። አባቴ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ክረምት ሲገባ ሌላው መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የእኛዋ እያጓራች ትወጣለች። የናፍጣና የግራሶ ሽታዋ የአባቴ ጋቢ ላይ፣ የእኔ ደብተር ላይ ሳይቀር ነበር። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ቀጥሎ ሌላው ትዝ ይለኛል።

ያን ዓመት አባቴ ሊሸጣት ተስማማ። የምትገዛው የክርስትና እናቴ እትዬ ዘነበች ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከጉንችሬ ገበያ ቅቤና ቆጮ እየሰበሰበች ወልቂጤ ታከፋፍላለች፤ ጭነቷን የምታመጣው ግን የሰው መኪና ለምና ነው። ሁለቱን ላሞቿን ሸጠች፣ ለመስቀል ገበያ በራሷ መኪና ልትወጣ። ከአባቴ ጋር አበልጅ ናቸው፤ አበልጅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ የማይተናነስ፣ ክፉ የማይታሰብበት ሰው ነው።

የመኪናዋ ነውር አንድ ብቻ ነበር። ከኋላው ዲፈረንሻል ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ግቢያችን ውስጥ የምትቆምበት ቦታ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። አባቴ አዲስ ፓራሊዮ አስገብቶ እንደሚያስረክባት ለእትዬ ዘነበች ቃል ገባላት። ዕቃው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተላከ፣ ከመናኸሪያ ተቀብዬ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። እንደ ዳቦ ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር የመጣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ ግንድ ደገፈላትና ጆንያ አንጥፈን ከሥሯ ገባን። ባትሪ የማበራለት እኔ፣ መፍቻውን በቁጥሩ የማቀብለው እኔ። አባቴ ሲሠራ ተረት ይወዳል፣ ከሁሉም በላይ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የምትለዋን። የድሮው ፓራሊዮ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ወጣ። አዲሱን አስጠጋው፣ መታ መታ አደረገው፣ መልሶ አወጣና ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን የሚታጠብበት ኦሞ እንዳመጣለት ላከኝ። የሰፈራችን ሱቅ ተዘግቶ ስለነበር ገበያ ድረስ ሄድኩ። ስመለስ ሁሉ ነገር ተገጣጥሞ፣ አባቴ ዲፈረንሻሉን በጨርቅ ይወለውላል።

"ገባ?" አልኩት።

"ገባ" አለኝ።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። መኪናዋን ዞራ አየቻት እንጂ ስለ ብረት ምንም አታውቅም፤ ይህንንም አልደበቀችም። አባቴ ማስረዳት ሲጀምር አልፋው ወደ እኔ መጣችና ጎንበስ አለች። አዲሱ ዕቃ መግባቱን ጠየቀችኝ። ኩራቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። ገብቷል፣ ባትሪ የያዝኩትም እኔ ነኝ አልኳት። አባቴ መሬት መሬት አየ። እትዬ ዘነበች ግንባሬን ሳመችኝና "ልጄ ካለችኝ ይበቃኛል" ብላ ቁልፉን ተቀበለች።

የመስቀል ሰሞን መኪናዋ ከጉንችሬ ስትመለስ፣ ቅቤና ቆጮ እንደ ጫነች መንገድ ላይ ቀረች። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ አልቆ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ተፋጭቶ ነበር። ቅቤው ፀሐይ ላይ ቀለጠ፣ የዓመቱ ትልቅ ገበያም አለፋት። መካኒክ ፈትቶ ሲያየው የድሮው ፓራሊዮ እዚያው ተመልሶ ገብቷል፤ ዙሪያውን ደግሞ ግራሶ የጠጣ ቃጫ ተጠምጥሞበታል። ቃጫ፣ ያው ከእንሰት የሚፋቀው። የቧንቧ ሠራተኛ ውሃ እንዳያፈስ የሚጠመጥመው ነው፤ ውሃ ከያዘ ዘይት አያቅተውም ብሎ ነው አባቴ። በእኛ አገር ከእንሰት የሚጣል ነገር የለም፣ የማይሆንበትም ነገር የለም እንላለን። ለዚህ ግን አልሆነም።

ወሬውን ስሰማ አላመንኩም። ሮጬ የአባቴን የመፍቻ ሣጥን ከፈትኩ። አዲሱ ፓራሊዮ ከነካርቶኑ ከምስማሮቹ ሥር ተኝቷል። ይዤው ሄጄ አባቴ ፊት ቆምኩ። ልኩ አልሆነም አለኝ፤ የርክክቡ ቀን ደረሰብኝ፣ ሌላ አስመጥቼ ሳይበላሽ እቀይርላት ነበር አለኝ። ውሃ የማያነሳ ምክንያት መሆኑን ልጅ ብሆንም አውቄዋለሁ። ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት።

"ብነግርሽ ፊትሽ ያስታውቅ ነበር" አለኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ረዳቱ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እኔም ቃጫ ነበርኩ፤ ቀዳዳው የተደፈነው በእኔ ነው።

በመስቀል እንደ ልማዴ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ፣ ያን ዓመት ግን ብቻዬን። ክትፎዬን በጣባ አቀረበችልኝ፣ እንደ ወትሮው አጎረሰችኝ። ስወጣ በሩ ላይ እጄን ይዛ ቀስ ብላ "አባትሽን አልጠየቅሁትም እኮ፤ የጠየቅሁት አንቺን ነው" አለችኝ። አላውቅም ነበር ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንደዚያ ብል አባቴን አሳልፌ መስጠቴ ነው። እሱ እኔን እንደዚያ ሲያደርግ ግን ብዙ ያሰበ አይመስለኝም። እትዬ ዘነበች ዋሽታኛለች እንዳለች ሞተች፤ ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል።

ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ ፓራሊዮ በየልኩ ሱቅ ተደርድሯል፣ ካልሆነ በሰዓታት ውስጥ ይቀየራል። ለቃጫ የሚያበቃ ችግር የለም። አባቴም አርጅቶ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው፤ ገላውን አጥባለሁ፣ ምግቡን አቀርባለሁ፣ እወደዋለሁ። አንድ ነገር ሲነግረኝ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።

ያን ቀን ከጋራዥ ስመለስ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የእጄ የዘይት ሽታ ደርሶት መሰለኝ ቀና አለ።

"ገባ?" አለኝ።

"ገባ" አልኩት። "ቁጭ ብዬ አየሁት።"

አባቴ መሬት መሬት አየ። ያኔ እትዬ ዘነበች ፊት ትሕትና መስሎኝ ነበር።